የምትልኩት ፋይል በጆሮም ይነበባል

እዚህ ባሕር ዳር አብሮኝ የሚሠራ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ። ፋይል የሚከፍተው በኤንቪዲኤ ነው፤ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። አንዴ የላክሁለት ሪፖርት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ተነበበለት። በጣም ነው ያዘንኩት። ለካ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነበር የጻፍኩት። ዓይን አማርኛ ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ከሥር የያዘው የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ አደራ፣ በዩኒኮድ፣ ማለትም እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ባለው ሥርዓት ጻፉ፤ ኒያላ ፎንት ይሆናል።

ዎርድ ላይ ርዕስ ማድመቅ ብቻ አይበቃም። ከስታይሎቹ መርጣችሁ «ሄዲንግ 1» አድርጉት፤ ያኔ ጓደኛዬ የ«ኤች» ቁልፍን እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። ስላይድ ላይ የጣና ፎቶ ካስገባችሁ ደግሞ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ኦልት ቴክስት» (የምስሉ መግለጫ) ውስጥ ፎቶው ላይ የሚታየውን ጻፉ፦ «ሁለት ታንኳዎች፣ ከኋላቸው ደሴት»። «ፎቶ» ብቻ ማለት ምንም አይነግረውም።