ከኮዱ በፊት ሽቦው

የመጀመሪያዋ ሮቦቴ ሁለት ጎማ፣ አንድ አርዱይኖ ቦርድ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር) እና አራት የባትሪ ድንጋይ ነበራት። ሞተሩ ገና ከመነሳቱ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ሦስት ሌሊት ኮድ ስፈትሽ አመሸሁ፤ ኮዱ ምንም አልነበረበትም። በመጨረሻ ባትሪውን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካው፣ 6 ቮልት የነበረው ሞተሩ ሲነሳ ከ4 በታች ይወርዳል። ቦርዱ ጉልበት እያጣ ጠፍቶ ይነሳ ነበር።

ለዚህ ነው ጀማሪ ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ መለካትና መበየድ (የቦርድ ዕቃን በቀለጠ ሶልደር ማያያዝ) ተማር የምለው። ኮዱ ይደርሳል።

መልቲሜትር ርካሹም ይበቃል። ቮልቴጅ መለካትንና ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጡን በድምፅ የሚናገረውን ምልክት ልመዱ። ሁለተኛውን የምትጠቀሙት ባትሪው ተነቅሎ ነው። አምፕ መለኪያው ላይ አድርጋችሁ ግን ባትሪ በቀጥታ እንዳትነኩ፤ ሾርት ነው የሚሆነው፣ ኤሌክትሪኩ ያለ ገደብ ይፈስሳል።

ብየዳን በተበላሸ አሮጌ ቦርድ ተለማመዱ። ሶልደሪንግ አይረኑን (የመበየጃውን ብረት) ወደ 350 ዲግሪ አሙቁት፣ ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉት። ጫፉ የቦርዱን መዳብና የዕቃውን እግር በአንድ ጊዜ ይንካ። ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። አሁን የሶልደር ሽቦውን ከሌላኛው ጎን አስጠጉ፤ አይረኑ ጫፍ ላይ አታቅልጡት። መዳቡ ከሞቀ ሶልደሩ ራሱ ፈስሶ እግሩን ይከባል። መጀመሪያ የሶልደር ሽቦውን፣ ቀጥሎ አይረኑን አንሱ። እስኪደርቅ አታነቃንቁ፣ እፍ አትበሉበት። ጥሩ ብየዳ እንደ ትንሽ ተራራ ግርጌው ሰፍቶ ወደ ላይ ይሾላል። እንደ ጠብታ ድብልብል ካለ መዳቡ አልሞቀም ማለት ነው፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይለቃል። መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። ሶልደሩ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ሞተርን ከቦርዱ ፒን (ሽቦ ከሚሰካበት ነጥብ) ጋር በቀጥታ አታገናኙ። የአርዱይኖ ኡኖ R3 ቦርድ አንድ ፒን 20 ሚሊአምፕ ያህል ነው የሚመከርለት፤ ትንሽ ሞተር እንኳ ሲነሳ በመቶዎች ይስባል። መሃል ላይ የሞተር ድራይቨር አስገቡ፤ ከቦርዱ ትእዛዝ ተቀብሎ የባትሪውን ጉልበት ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ነው። ለሞተሩና ለቦርዱ ለየብቻ ባትሪ ስጡ፤ ግራውንዳቸውን (የኔጋቲቭ ሽቦውን) ግን አንድ ላይ እሰሩ። ይሄን የረሳ ሰው ሞተሩ ለምን እንደማይታዘዘው ሲፈልግ ይውላል። የእኔም ሮቦት የዳነችው ባትሪውን ስለይላት ነው።

አሁን ኮድ። አንድ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፦ መብራት፣ ቀጥሎ አንድ ሞተር፣ ቀጥሎ ድምፅ ልኮ በማሚቶው ርቀት የሚለካው የአልትራሳውንድ ሴንሰር። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሴንሰሩ የሚነግራችሁ የደርሶ መልሱን ጊዜ ስለሆነ ለሁለት አካፍሉት። ግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ሲርቅ፣ ሳታካፍሉት ወደ 1.2 ሚሊሰከንድ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ እንድትቆም አድርጓት። ሳትሳሳት አሥር ጊዜ ከቆመች፣ መዞርን ጨምሩላት።