ሮው ወይስ ጄፔግ? ነጭ ነጠላ በጠራራ ፀሐይ

እኩለ ቀን ላይ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላ ያጣፋች ሙሽራ ስታነሱ፣ ለፊቷ ብርሃን ከጨመራችሁ ነጠላው ይቃጠላል፤ ድርና ማጉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ለነጠላው ከቀነሳችሁ ደግሞ ፊቷ ይጨልማል። ሠርግ በሮው (ካሜራው ሴንሰሩ የያዘውን መረጃ ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት ፋይል) ይነሳ የምንለው በዋናነት ለዚህ ነው።

ጄፔግ ካሜራው ቀለሙንና ኮንትራስቱን ራሱ ወስኖ፣ የተረፈውን መረጃ ጥሎ የሚያስቀምጠው ፎቶ ነው። በእያንዳንዱ የቀለም ቻናል 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። የጨለመውን ፊት ኤዲት ላይ ስታፈኩት ጄፔጉ ላይ የቆዳው ቀለም ይቆራረጣል፣ 8 በ8 ፒክሰል የሆኑ ካሬዎችም ብቅ ይላሉ።

ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ለነጩ አስተካክሉ። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) 100 ላይ አድርጉና የሃይላይት ማስጠንቀቂያውን (የተቃጠለውን ነጭ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን) አብሩ። ነጠላው ላይ ብልጭ ድርግም ካለ፣ እስኪጠፋ ድረስ በ1/3 ስቶፕ እየቀነሳችሁ ድገሙ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ማስጠንቀቂያው የሚሰላው ሮው ውስጥ ካለው ትንሽ ጄፔግ ስለሆነ ጥቂት ቀድሞ ይጮኻል፤ ቢሆንም አትናቁት። ፈጽሞ የተቃጠለ ነጭን ሮውም አይመልሰውም። ፊቱን በኋላ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ማፍካት ይቻላል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ያው ነው። ጧፍና የኤሌክትሪክ መብራት ሲቀላቀሉ ዋይት ባላንሱ (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው) ይሳሳታል። ሮው ላይ ያለምንም ጉዳት ትቀይሩታላችሁ፤ ጄፔግ ላይ ብርቱካናማ የሆነ ፊት በደንብ አይስተካከልም።

ሮው ዋጋ አለው። የ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንድ ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ ወደ 2,000 ፎቶ ገደማ ይይዛል። ሎስለስ ኮምፕረስድ የሚል ምርጫ ካለ እሱን ያዙ፤ ቦታ ይቆጥባል እንጂ ጥራት አይቀንስም። በተከታታይ ስታነሱ በፈሩ (ፎቶዎቹ ካርዱ ላይ እስኪጻፉ የሚቆዩበት የካሜራው ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ሞልቶ ካሜራው ይቆማል፤ ቀለበት ሲደረግ ጣታችሁን ተጭናችሁ አትቆዩ፣ ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ አንሱ።

ብርሃኑ የማይለዋወጥበት ስቱዲዮ ወይም በዚያው ሰዓት የሚላክ የዜና ፎቶ ከሆነ ጄፔግ ይበቃል። ቤተሰብ በዕለቱ ፎቶ ከፈለገ ሮውና ጄፔግ በአንድ ላይ አስቀምጡ፤ ጄፔጉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት እንደገና ይጨመቃል።

የአዲስ ካሜራ ሮው በቆየ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) አልከፈት ካለ፣ በነፃ የሚገኘው የአዶቢ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ወደ ዲኤንጂ (የአዶቢ የሮው ፋይል ዓይነት) ይቀይረዋል። ዋናውን ፋይል ግን ከዚያ በኋላም አታጥፉት።