ለትልቅ የቤንዚን ፒክአፕ ቺፕ ከመግዛታችሁ በፊት

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጥቂት የወተት ላሞች አሉኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወተት ጭኜ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ስመለስ ፋጉሎና ፍሩሽካ ይዤ እመጣለሁ። መኪናዬ ፎርድ ኤፍ-250 ናት፤ 6.2 ሊትር፣ ቪ8፣ ቤንዚን። አዎ፣ ቤንዚን። «ምነው ናፍጣ ብትገዛ ኖሮ» የሚለውን ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምቼ ጠግቤያለሁ። በጨረታ በደህና ዋጋ አግኝቻት ነው።

ወረቀቷ ላይ 385 የፈረስ ጉልበት ይላል። የእንጦጦን ዳገት ጭነት ይዛ ስትወጣ ግን ያ ሁሉ ፈረስ የት እንደገባ እንጃ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። እኔም እንደ ብዙው ሰው ቺፕ ፍለጋ ወጣሁ፤ የሞተር ጉልበት ይጨምራል እየተባለ የሚሸጥ ትንሽ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያውን መርካቶ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት። «ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ሰካው፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል» ተባልኩ። ሰካኋት። ሦስት ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ መኪናዋ የፈጠነች መሰለኝ፤ ብር የከፈለ ሰው ምን የማይመስለው አለ!

በሦስተኛው ቀን መካኒኬ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ከፈታት። ሶኬቱ 16 ቀዳዳ አለው። ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ወሬ የሚመላለሰው በ6ኛውና በ14ኛው ነው። የኔዋ ቺፕ እነዚያ ሁለት እግሮቿ ከምንም ጋር አልተገናኙም። ኤሌክትሪክ የሚያስገባው እግርና መሬቱ (ኔጋቲቩ) ብቻ ናቸው የተበየዱት፤ እነሱም መብራቶቹን ለማብራት።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የገና ዛፍ መብራት ናት» አለኝ ልጁ። አልሳቅኩም።

ሌላም ዓይነት አለ። የሚገባውን አየር ሙቀት ከሚለካው ሴንሰር ሽቦ ላይ የምትቀጠል ትንሽ ሬዚስተር ናት። «አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ብላ ኮምፒውተሩን ትዋሸዋለች፣ እሱም ቤንዚን ይጨምራል። የጭስ መውጫ ቱቦው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ግን ወዲያው ያጋልጣታል፣ ኮምፒውተሩም ወደ ልኩ ይመለሳል። የቤንዚን ፔዳሉ ላይ የሚገጠመው ሳጥን ደግሞ ትንሽ ስትረግጡ ብዙ እንደረገጣችሁ አድርጎ ያወራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። እስከ ታች ከረገጣችሁ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ነው የሚስበው፤ አየር ሲጎድል ጉልበቱም አብሮ ይጎድላል። የኔ 385 ፈረስ እዚህ 300 አይሞላም ማለት ነው። ሞጆን አልፌ ወደ መተሐራ ስወርድ መኪናዋ ነፍስ ትዘራለች። ማንም አልነካትም፣ አየሩ ነው። የትኛውም ቺፕ ደግሞ አየር አያመጣም።

ስለዚህ ተርቦ ለሌለው ቤንዚን ሞተር ጥሩ ቱነር (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚቀይር ዕቃ) እንኳ የሚጨምረው ከመቶ አምስት፣ ቢበዛ አሥር ነው ብላችሁ ግዙ። መኪናችሁ እንደ ፎርዱ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር ተርቦ ካላት ነገሩ ሌላ ነው። ተርቦው የሳሳውን አየር ይጨምቀዋል፣ ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው፣ ቱነሩ ደግሞ ያንን ትዕዛዝ ይቀይራል። እዚያ ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሯን አስነብቡ። የኔ ሞተር በአንድ ሲሊንደር ሁለት፣ በጠቅላላው 16 ካንዴላ አለው። አራቱ አልቀው ነበር። የአየር ፊልትሮው የሱሉልታን አቧራ ጠጥቶ ጭቃ መስሏል። እነሱን ብቻ ስቀይር ዳገቱ ላይ ግማሹ ቅሬታዬ ጠፋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካማራችሁ፣ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም የሚቀይር በእጅ የሚያዝ ቱነር ፈልጉ። የኔን አሜሪካ ያለ የእህቴ ልጅ ነው የላከልኝ። የመኪናችሁን ዓመት፣ የሞተሩን ሊትርና የሻንሲ ቁጥሩን ልካችሁ አረጋግጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቱነር በዱባይ በኩል የገባችውን መኪና ላያውቃት ይችላል።

ያገለገለ ከሆነ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ከቀድሞው መኪና ተፈቷል?» ቱነር ከአንድ መኪና ጋር ይቆለፋል። ባለቤቱ የመኪናውን የቀድሞ ፕሮግራም ካልመለሰ እናንተ ጋ የማይሠራ ዕቃ ብቻ ነው።

ቱነሩ ውስጥ 87፣ 91፣ 93 የሚሉ ምርጫዎች ታገኛላችሁ። የቤንዚኑ ኦክቴን ነው (ሞተር ውስጥ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ እንዳያንኳኳ የመቋቋም ልኩ)፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር፤ የነሱ 87 በሌላው ዓለም 91 ገደማ ነው። እኛ ማደያ ገብተን የምንመርጠው ቤንዚን ወይ ናፍጣ ነውና 87ን ያዙ። «ከፍታ ላይ ሞተር ቶሎ አያንኳኳም» የሚል አዋቂ ይገጥማችኋል። እውነቱን ነው፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ 85 ይሸጣሉ። ግን ጭነት ይዛችሁ በዚያ ሙቀት መተሐራ ስትደርሱ አየሩ ይወፍራል። ያኔ ቱነሩ 93 ላይ የተደረገለት ሞተር ዳገት ላይ ጠጠር በቆርቆሮ ጣሳ እንደሚንቀጫቀጭ ይጮኻል። ያ ድምፅ ፒስተን ይበላል።

እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ ማንም የማያወራለት ነገር ነው፦ የጎማ ልክ። የቀድሞው ባለቤት ትልልቅ ጎማ አስገብቶላት ነበር። ኮምፒውተሩ ይህን ስለማያውቅ ፍጥነቱን አሳንሶ ያነባል፣ ካምቢዮውም ማርሽ የሚቀይረው በተሳሳተ ሰዓት ነው። ትክክለኛውን የጎማ ቁመት ቱነሩ ላይ ሞላሁ። አሁን ዳገት ላይ ማርሽ እያነሳች እየጣለች አታስቸግረኝም።

ፕሮግራሙን ስትጭኑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ራዲዮና መብራት ይጥፋ። እኔ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ስለምኖር ቻርጀር ላይ ብቻ አልተማመንኩም፣ የጎረቤቴን መኪና በኬብል አገናኘሁ። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ፕሮግራም ቱነሩ ላይ አስቀምጡ። መኪናዋን የምትሸጡ ቀን መጀመሪያ እሱን መልሱ፤ ከዚያ ነው ቁልፍ የምትሰጡት።