በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በሰው ሀብት ክፍል ተቀምጬ ማመልከቻ ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኞቹ ስህተቶች በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ከመጻፍ የሚመጡ ናቸው።

«አይ አም ግራጁኤትድ» የሚለውን ተመልከቱ። አማርኛው «ተመረቅሁ» ስለሚል፣ ያቺ «ተ» እንግሊዝኛው ውስጥ «አም» ሆና ትገባለች። ትክክሉ «አይ ግራጁኤትድ ፍሮም» ነው። እኔም በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ላይ ይህንኑ ጽፌአለሁ፤ የሚያርመኝ ሰው አላገኘሁም ነበር።

«ሲንስ ቱ ይርስ» አይባልም። ከ«ሲንስ» ቀጥሎ ሥራው የተጀመረበት ጊዜ፣ ከ«ፎር» ቀጥሎ የቆየበት ርዝመት ይገባል፦ «ሲንስ 2021»፣ «ፎር ቱ ይርስ»።

«መረጃዎች» ደህና አማርኛ ነው፤ «ኢንፎርሜሽንስ» ግን እንግሊዝኛ አይደለም። «ኢኩዊፕመንት» እና «አድቫይስ» ላይም ኤስ አትጨምሩ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዲት ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ሐምሌ 2010 መመረቋን፣ ከ2011 እስከ 2015 አንድ ቦታ መሥራቷን ጻፈች፤ ቀጥሎ ያለው ሥራዋ ደግሞ «ከ2023 ጀምሮ» ይላል። የመጀመሪያውን የሥራ ልምድ ማስረጃ በአማርኛ እንደተጻፈ ገልብጣው፣ ሁለተኛውን ከእንግሊዝኛው ወስዳው ነበር። 2015 እና 2023 አንድ ዓመት እንደሆኑ የማያውቀው የውጭ አገር ኃላፊ ስምንት ዓመት ሥራ ፈት የተቀመጠች መሰለውና ወረቀቷን ወደ ጎን አደረገው። እኔ አይቼው ሳስረዳ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ተለይተው አልቀዋል። ያቺ ልጅ ለምን እንዳልተጠራች እስከ ዛሬ አታውቅም! እባካችሁ፣ ሁሉንም ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ቀይሩ። በደፈናው ስምንት መደመርም ይሳሳታል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20 አካባቢ የሚደመረው ሰባት ነው። ሐምሌ 2010 ጁላይ 2018 ነው፤ ኅዳር 2011ም ኖቬምበር 2018 ነው።

ከጓደኛ የተገለበጠ ደብዳቤ ላይ የሌላ ድርጅት ስም አትተዉ።

ሰዓትም እንደ ዓመቱ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ደውሉልኝ» ለማለት «3 ኤኤም» የሚል ማመልከቻ በየወሩ ይደርሰኛል። ለፈረንጅ አንባቢ ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «9 ኤኤም» ብላችሁ ጻፉ።