አዲስ ፍሪሲዮን ገጥመው ፔዳሉን የሚያበላሹባቸው ስህተቶች

ኦሪጅናሉን ፍሪሲዮን አስወጥተው ጠንከር ያለ ያስገጠሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚያማርሩት «ድሮ እዚህ ጋ ነበር የሚይዘው፣ አሁን ወርዷል» ብለው ነው። ይወርዳል፤ ይወጣልም። ዲስኩን የሚጫነው ሞላ ሌላ፣ የሞላው ጣቶች ቁመት ሌላ። ማርሹ ሳይንጫጫ እስከገባ፣ ዲስኩም እስካልተንሸራተተ ድረስ አዲሱን ቦታ ልመዱት።

አይለምዱትም። ኪያቤ አንስተው ከፔዳሉ ወደ ላይኛው ፖምፓ፣ ማለትም ስትረግጡ ዘይቱን ወደሚገፋው፣ የሚገባውን ዘንግ ያስረዝማሉ፣ ባዶው ጉዞ እስኪጠፋ ድረስ። በዚህ ትዕግሥቴ አልቋል! ፔዳሉን በጣት ስትጫኑት የሚሰማው ባዶ ጉዞ፣ በብዙ መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ ብልሽት አይደለም። እግራችሁን ስታነሱ የፖምፓው ፒስተን እስከ መጨረሻው ተመልሶ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባትን ቀዳዳ እንዲከፍት ተብሎ የተተወ ነው። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ቀዳዳዋን እንደደፈነ ይቀራል። ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ይሰፋል፣ መውጫ ያጣል፣ ፍሪሲዮኑ ጋ ያለውን የታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በከፊል ተረገጠ ማለት ነው።

አንድ ልጅ «የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው» እያለ ሁለተኛ ዲስክ ይዞ መጣ። ጠዋት ደህና ነው፣ ትንሽ ሲነዳ ይንሸራተታል። ዘንጉን በጣቴ ብሞክረው ንቅንቅ አይልም። አሳጠርነው፣ መንሸራተቱ ቆመ። ዕቃው ምንም አልነበረበትም።

በዘይት ሳይሆን በካቦ የሚሠራውም ያው ነው። ዲስክ ሲያልቅ ባዶው ጉዞ የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። በተለመደው የሚገፋ ፍሪሲዮን ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ዲስኩ ሲሳሳ የሞላው ጣቶች፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደሚገፋቸው ኩሽኔታ ይጠጋሉ። ዛሬ ዜሮ ያደረጋችሁት ነገ ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። ካቦው ራሱን የሚያስተካክል ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሁለቴ ሦስቴ ሲረገጥ የሚሻሻል ፔዳል ማስተካከያ አይፈልግም፤ አየር ገብቶበታል፣ ወይም ፖምፓው አርጅቷል።

ከመለካታችሁ በፊት ምንጣፉን አንሱ።

ፔዳሉ የግድ ወለል መንካት አለበት የሚሉም አሉ። ፍሪሲዮኑ ዲስኩን ከለቀቀ፣ ማለትም ሞተሩን ከማርሹ ከለየ በኋላ ያለው ጉዞ ትርፍ ነው። ትርፉ ሲበዛ የሞላው ጣቶች ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፣ የታችኛው ፖምፓ ማፍሰስ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ጠንካራ ስፒንጂ ዲስኮ (ሞላውን የያዘው፣ ዲስኩን የሚጫነው ክፍል) ላይም ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቀርቶ አይመለስም። ከፔዳሉ ሥር ማቆሚያ ቡሎን አድርጉ፣ ከሚለቅበት ቦታ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ።

የት እንደሚለቅ ለማወቅ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከተንጫጫ ገና አልለቀቀም። ይህን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ሞክሮ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው አልጨረሰም፤ ሲግልም ይድገመው። ሴራሚክ ዲስክ መኪናው ሲነሣ ቢያንቀጠቅጥ ግን ጠባዩ ነው፣ በፔዳል አይድንም።

የዘንጉን መቆለፊያ ዳዶ ሳያጠብቁ የሚሄዱትን ምን ልበላቸው?

ሁሉን አድርጋችሁ አሁንም ካልለቀቀ፣ አንድ ሰው ይርገጥ፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ፖምፓው የታሰረበትን የላሜራ ግድግዳ ተመልከቱ። ጠንካራ ሞላ ግድግዳውን ሲያጥፈው በዓይን ይታያል። የእግር ጉልበት እዚያ ላይ እየባከነ ዘንግ ቢያስረዝሙ ዋጋ የለውም፤ ግድግዳው በብረት ይጠናከር።