ከኬሞ በኋላ ቤት ውስጥ የሚገጥሙ ችግሮች፦ መጀመሪያ ቀን ይቁጠሩ

ኬሞቴራፒ (ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒት) ወስዶ ቤቱ የገባ ሰው ሕመም ሲሰማው ብዙ ጊዜ «ምን በላሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ዛሬ ስንተኛ ቀኔ ነው?» የሚለው ነው። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ዕለት 1 ብለው ይጀምሩ። በ3ኛው ቀን የመጣ ድካምና በ10ኛው ቀን የመጣ ድካም ምክንያታቸውም መፍትሄያቸውም አይገናኝም። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሰፈረ፣ ከመውጣትዎ በፊት ነርሷን ጠይቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጎኑ ያስጽፉ። በዚህች ትንሽ ነገር ቀጠሮ ያልፋል።

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፦ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን

ሌላውን ቢዘሉት እንኳ ይህን አይዝለሉት።

ምክንያቱ፦ ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ይመታል። የካንሰሩን ሴሎች ብቻ ሳይሆን በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚሠሩትን የደም ሴሎችም አይምርም። በነዚህ ቀናት ነጭ የደም ሴል ዝቅ ስለሚል ኢንፌክሽን የሚከላከል የለም። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ መደበቁ ነው። መግል የሚሠራው ከነጭ የደም ሴል ስለሆነ ሴሉ ሲጠፋ መግሉም እብጠቱም ላይታይ ይችላል። ትኩሳቱ ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው፦ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። በአፍ ሲለካ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። በብብት ሲለካ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚያሳይ 37.5ን እንደ 38 ይያዙት። በፊንጢጣ አይለኩ። የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ካለ ቁጥሩ ባይደርስም ይሂዱ። ሳይለኩና ሳይደውሉ ፓራሲታሞል አይዋጡ፤ ሙቀቱን ያወርደዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም፣ ሐኪሙንም ያሳስታል።

በአገራችን ትልቁ መዘግየት የሚመጣው «ምች ነው» ከሚለው ግምት ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦ፣ ላብ እስኪመጣ ሲጠበቅ ሌሊቱ ያልፋል። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ታካሚ ግን በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ሆስፒታል በደረሰ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ካርድ ለማውጣት ከመሰለፍዎ በፊት «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ትኩሳት አለኝ፣ ዛሬ 10ኛ ቀኔ ነው» ብለው ለነርሷ ይንገሩ።

ከክልል መጥተው ኬሞ የሚወስዱ ከሆነ አስጊዎቹ ቀናት የሚደርሱት አገርዎ ከገቡ በኋላ መሆኑን ያስቡ። የመድኃኒቶቹ ስም፣ የተሰጡበት ቀንና የሚደወልበት ስልክ ያለበት ወረቀት ከእጅዎ አይለይ። አቅራቢያዎ ያለው የትኛው ሆስፒታል ሌሊት እንደሚሠራም አስቀድመው ይወቁ።

ለመከላከል፦ እጅ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ እርጎና አይብ ይቅርብዎ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በስልክ ይጠይቅ። ያስቀይማል ብለው አይፍሩ።

ማቅለሽለሽና ማስታወክ፦ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን

ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው፤ የሚያባብሰው ግን ብዙ ጊዜ የአወሳሰድ ስህተት ነው። የማስታወክ መከላከያው ክኒን የሚሠራው ቀድሞ ሲዋጥ ነው፤ ካቅለሸለሸ በኋላ ከተዋጠ ጥቅሙ ያንሳል። ከነዚህ ክኒኖች ኦንዳንሴትሮን ከታዘዘልዎ ምግብ ከመቅረቡ 30 ደቂቃ በፊት ይዋጡት። ዴክሳሜታሶን ጠዋት፣ ከምግብ ጋር፤ ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። ሲስፕላቲን የተባለውን ኬሞ የወሰዱ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ደህና ውለው በ2ኛውና በ3ኛው ሊብስባቸው ይችላል። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብለው የታዘዘውን ክኒን አያቋርጡ።

ቡና ሲቆላ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ዕጣን ሲጨስ ታካሚው ሌላ ክፍል ይሁን። በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይመገብ፤ የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ይቀንሳል። አንድ ምክር ለአስታማሚ፦ በሚያቅለሸልሽበት ቀን በጣም የሚወደውን ምግብ አያቅርቡለት፤ አፉ ከማስታወኩ ጋር ያያይዘውና በኋላም ይጠላዋል።

ለ24 ሰዓት ፈሳሽ እንኳ ካልረጋለት ወይም ሽንቱ ጠቁሮ ካነሰ ሆስፒታል ይሂድ። ጾም ከሆነ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሕመምተኛን ከጾም ማሳረፍ የታወቀ ነው። ጸበል ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ግን በዚህ ሳምንት የሰውነትን ጨውና የተዋጠውን ክኒን አብሮ ስለሚያወጣ ለነርሷ ሳይነግሩ አያድርጉት።

የአፍ ቁስለት፦ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ

የአፍ ውስጠኛ ቆዳም ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ስለሆነ ይላጣል። መጉመጥመጫ እንዲህ ያዘጋጁ፦ 1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ሱቅ ሲሄዱ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጥዎ ይጠንቀቁ፤ ሌላ ነገር ነው። ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተጉመጥምጠው ይትፉ። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ። መፋቂያ ድድ ስለሚያቆስል ለጊዜው ይቅር፤ ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ። አልኮል ያለው የአፍ ማጠቢያ ያቃጥላል።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ቆሎና ትኩስ ሻይ ይቆዩ። የኮመጠጠ እንጀራም ያቃጥላል፤ አፍለኛ እንጀራ በአልጫ ወጥ አርሶ መብላት ይሻላል። አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ገንፎና የተፈጨ ሾርባም ይወርዳሉ። ምላስ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በጨው ውሃ ብቻ አይለቅም። መዋጥ ካቃተዎ ይደውሉ።

ሆድ ድርቀትና ተቅማጥ

ድርቀቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ካንሰሩ ወይም ኬሞው ሳይሆን ኦንዳንሴትሮን ወይም የሕመም ማስታገሻዎቹ ትራማዶልና ሞርፊን ናቸው። ሞርፊን የታዘዘለት ሰው ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒትም ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ሊሰጠው ይገባል፤ ካልተሰጠዎ ይጠይቁ። ውሃ ይጠጡ፣ ፓፓያ ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ። 3 ቀን ካለፈ ይደውሉ። በፊንጢጣ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ እንዲሁም ኮሶ፣ ሐኪም ሳያውቅ ክልክል ነው።

ለተቅማጥ 1 ከረጢት ለምለም (በውሃ የሚበጠበጥ የኦአርኤስ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ ልኩ በ1 ሊትር ሃይላንድ ይቀላል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ከተለመደው በላይ በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከወጡ፣ ደም ካዩ ወይም ትኩሳት ካለ ማቆሚያ ክኒን ሳይውጡ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሽንት ቀላ

በዶክሶሩቢሲን፣ ብዙዎች «ቀዩ መድኃኒት» በሚሉት፣ በመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ቀናት ሽንት ቢቀላ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ከዚያ በኋላ ከቀላ ወይም ሲሸኑ ካቃጠለ ሌላ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው ኬሞም ፊኛን ሊያደማ ይችላል። ውሃ በብዛት መጠጣትና ሽንትን አለመያዝ የሚመከረው ለዚህ ነው።

መርፌ የገባበት ቦታ ሲያቃጥል

መድኃኒቱ እየወረደ ካቃጠለ ወይም ካበጠ ያንኑ ጊዜ ለነርሷ ይናገሩ። መታገሥ እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ከደም ሥር ያመለጠ መድኃኒት ሥጋ ሊያሞት ይችላል። ቤት ከገቡ በኋላ ከቀላ ወይም ከጠቆረ አይሹት፣ በራስዎ ሙቅ ውሃም አያድርጉበት፤ ይመለሱ።

እጅና እግር ሲደነዝዝ

ፓክሊታክሴልና ቪንክሪስቲን የተባሉት ኬሞዎች ነርቭ ይነካሉ። ቁልፍ መቆለፍ ካቃተዎ ወይም ስኒ ከእጅዎ ካመለጠ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ይናገሩ፤ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል። ምጣድና ሙቅ ውሃ ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ የውሃውን ሙቀት ሌላ ሰው ይሞክርልዎ። የወሰዱት ኬሞ ኦክሳሊፕላቲን ከሆነ ደግሞ ለተወሰኑ ቀናት ቀዝቃዛ ነገር አይጠጡ፣ አይንኩ፤ ጉሮሮ የተዘጋ ያህል ያስደነግጣል።

ለአስታማሚ

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ሽንት፣ ሰገራና ትውከት የመድኃኒት ቅሪት ይኖራቸዋል። ጓንት አድርገው ይድፉ፤ መጸዳጃ ቤቱ በውሃ የሚሠራ ከሆነ ክዳኑን ዘግተው ሁለት ጊዜ ይልቀቁ። የቆሸሸ አንሶላ ለብቻው ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ይህን ሥራ ለሌላ ትተወው። አብሮ መብላት፣ ማቀፍና አንድ ቤት ማደር ግን ምንም አያመጣም።