ቋሚና ጊዜያዊ ሠራተኛ ሲመደብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአበባ እርሻን እንውሰድ። ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፤ ጥር መጨረሻ ላይ ግን የፍቅረኞች ቀን ትእዛዝ ይጎርፋል። ስንቱን ቋሚ፣ ስንቱን ጊዜያዊ እንቅጠር ሲባል ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«ኮንትራት ነው» ብሎ መተማመን። በብዛት የሚታየውም፣ ብዙ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ ፈቃድ የወጣን ሰው መተካት፣ ከተለመደው ውጭ የሥራ መብዛት፣ በየዓመቱ የሚመላለስ ወቅታዊ ሥራና የመሳሰሉት። ዓመቱን ሙሉ አበባ የሚቆርጥን ሰው በየ6 ወሩ ውል እያደሱ ማቆየት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ክርክር ሲነሳ የሚመዘነው የሥራው ባሕርይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ጊዜያዊ» መባሉ አያድንም። በድንገት የተለቀቀ ቋሚ መደብን ለጊዜው መሸፈን ይቻላል፤ ያውም ከ45 ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ።

ቋሚውን በዓመቱ አማካይ ማስላት። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወር ሥራ የሌለው ሰው ደመወዝ ይበላል። መነሻው ሥራ የሚያንስበት ወር ይሁን። ያ ወር 40 ሰው፣ የጥር ወር ግርግር ደግሞ 70 ሰው ይፈልጋል እንበል። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በዓላትና ፈቃድ ተቀንሶ በዓመት 280 ቀን ግድም ይሠራል። የ40 ሰው የዓመት ፈቃድ፣ በትንሹ 16 ቀን ሲባዛ፣ 640 ቀን ነው፤ በ280 ሲካፈል የ2 ሰው ያህል የዓመት ሥራ ማለት ነው። ቋሚው 42 ሆነ። እነሱ በግርግሩ ሳምንት ሕጉ የሚፈቅደውን 12 ሰዓት ትርፍ ቢሠሩ 504 ሰዓት፣ የ10 ሰው ያህል ሥራ ይወጣል። ጊዜያዊ የሚቀጠረው ለቀሪው 18 ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 እጥፍ ይከፈላል፤ የሚፈቀደውም እንደ አስቸኳይ ሥራ ባለ ምክንያት ብቻ ስለሆነ ልማድ አይደረግ።

ለተመላላሽ ሠራተኛ እንደገና ሙከራ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። አምና የሠራ ሰው እዚያው ድርጅት ለዚያው ሥራ ሲመለስ ሙከራ የለበትም።

አዲሱን ሰው መቁረጫ ላይ ማቆም። እንቡጡ ሳይደርስ ከተቆረጠ ሳይፈታ ይጠወልጋል፤ ካለፈ ደግሞ መንገድ ላይ ይፈታል። መቁረጥና በዘንግ ርዝመት መለየት የነባሮቹ ይሁን። ጊዜያዊዎቹ ባልዲ ማጠብ፣ ካርቶን መገጣጠምና ጭነት ላይ ይሰማሩ።